ያሸለበው ግዙፍ

ልብስ ሰፊዋ በመዝናኛ ፓርኩ ሃያ ዓመት ሠርታለች። ሮለር ኮስተር የሚባለው ፈጣን የመጫወቻ ባቡር በዋሻው ውስጥ ሲያልፍ ከወንበሩ ብድግ እያለ የሚያጓራውን ባለሞተር ግዙፍ አሻንጉሊት የምታለብሰው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ሞተሩ ተቃጠለና ግዙፉ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

“መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል፣ እትዬ። ነቅለን እንጣለው” አላት መካኒኩ።

“ተው እንጂ ልጄ! ሃያ ዓመት ሙሉ የጮኸ ፍጡር ትንሽ ሸለብ ቢያደርገው ምን አለበት?”

ከጨርቅ የዓይን ቆብ ሰፋችለት፤ ብርድ ልብስም ደረበችለት።

በማግስቱ እሷና መካኒኩ ዋሻው አፍ ላይ ቆመው አዳመጡ። በባቡሩ እየጮኹ የመጡት ልጆች ግዙፉ ጋ ሲደርሱ፣ “እሽሽ! ተኝቷል!” ተባባሉ።

“ታዲያ አሁን ማን ደፍሮ ይቀሰቅሰዋል?” ብሎ መካኒኩ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሰው ለእጇ ሥራ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ መስማቷ የመጀመሪያዋ ነበር።