ጥሎ ማንሳት

ያን ዕለት ጠዋት በረዶ ዘነበ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ሰማዩ እንዲህ ያደርጋል፤ ለመሰነባበት ይመስል የቀረውን ሁሉ ያወርዳል። የበቆሎውን ቅጠል ሸነታትሮት ሄደ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣችና መሬቱ መጨስ ጀመረ። የእኛ አገር ዋልካ እንዲህ ሲሆን እግር ይይዛል፤ ጫማ ጎትቶ ያስቀራል። እኔና ባለቤቴ ስመኘው ጊደራችንን ለማዳቀል ቡሬ ወስደናት ስንመለስ ነበርን። እኔ ገመዱን ይዤ ከፊት፣ እሱ ከኋላ በአለንጋ እየነካካት፤ ጫማዬን ከጭቃው በነቀልሁ ቁጥር ይስቅብኛል።

ስመኘው ታጋይ ነበር። ታጋይ ስል ጠመንጃ የያዘ ማለቴ አይደለም። ጥምቀት ሲሆን ታቦቱ ባደረበት ሜዳ ትግል የሚገጥም ማለቴ ነው። ቁመቱ ረዥም አይደለም፤ ትከሻው ግን በር ይሞላል። ያገባሁት ሰሞን ከሦስት ቀበሌ የመጡ ጎረምሶች ተራ ይዘው ገጥመውት ሁሉንም አንጥፏቸው ነበር። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆነው ያዩ ነበርና፣ «ስመኘው፣ መቼም አንተ የማትጥለው ሰው የለም። ይችን ልጅ ብቻ እንዳትጥላት» አሉት። ሜዳው ሁሉ ሳቀ። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንሁ።

በእኛ ቀበሌ ትግል ሕግ አለው። መምታት የለም፤ መንከስ የለም። የሰው ጀርባ መሬት ከነካ አለቀ። የጣለው ወዲያው ይለቅና ቀኝ እጁን ዘርግቶ «እግዜር ያንሳህ» ይላል። የወደቀው እጁን ይዞ ይነሣል፤ ተሳስመው ይለያያሉ። ይህን ጥሎ ማንሳት እንለዋለን። አንድ ዓመት አንዱ ጎረምሳ ጥሎ ሳያነሣ ጀርባውን ሰጥቶ ቢሄድ፣ ሴቶቹ እልልታ ነፈጉት፤ እናቱ ሳትቀር ዝም አለች። ስመኘው ከልጅነቱ ጀምሮ የጣለውን ሳያነሣ ቀርቶ አያውቅም። ከአልጋ ላይ የወደቀ ትራስ እንኳ ሲያነሣ «እግዜር ያንሳህ» እያለ ልጆቹን ያስቃቸው ነበር።

ኋላ ደግሞ ጁዶ መጣ። ገነነ የሚባል አሰልጣኝ ፍኖተ ሰላም ላይ አዳራሽ ተከራይቶ ያስተምር ነበር። በሩ ላይ «ራስን የመከላከል ጥበብ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ። ገነነ አንድ ጥምቀት መጥቶ ስመኘውን አየውና አልተላቀቁም። ሥራ በሚቀልበት ወቅት ስመኘው ሚኒባስ ይዞ እየሄደ ከከተማ ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ይንከባለል ነበር። ሲመለስ ደግሞ እኔን መሞከሪያ ያደርገኛል።

«አንገቴን ያዥኝ» ይለኛል።

«ተወኝ፤ ሊጥ ይዣለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ሌባ ነሽ እንበል።»

«ሌባ ብሆን አንተን ምን አለህ ብዬ እሰርቅሃለሁ?»

እሱ ግን አምኖበት ነበር። ሰው ከመሬት ከወረደ አለቀለት ይል ነበር። ገነነም እንዲሁ ይላል። እኔም አምኜ ነበር፤ ከስመኘው ጋር መንገድ ስሄድ ፈርቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ግን ጊደሯን ይዘን ቀበሌያችን ለመግባት ጥቂት ሲቀረን፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ወጡ። አንደኛው ዱላ ይዟል። ሁለተኛው ጋቢ ለብሶ እጆቹን ከውስጥ ደብቋል።

«ጊደሯን ልቀቁና መንገዳችሁን ሂዱ» አለ ዱላ የያዘው።

«ወንድሞቼ፣ የማን አገር ልጆች ናችሁ?» አላቸው ስመኘው።

«የማታውቀው።»

«ስጣቸው» አልሁት። «አንተ ሰው፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ስጣቸው። ጊደር ሌላ ትገኛለች።»

«ገመዱን አጥብቀሽ ያዥ» አለኝ። «ሁለት ሰው ምን ያደርገኛል!» ፈገግ ብሎ ነበር። ያ ፈገግታው አሁንም ያናድደኛል።

ሰውየው ዱላውን ሲያነሣ ስመኘው ወደ ኋላ አልሸሸም፤ ወደ ውስጥ ገባ። ዱላ ለተጠጋ ሰው አይሆንም። ብብቱ ሥር ገብቶ ወገቡን ይዞ በዳሌው ላይ አዞረና ጭቃው ላይ በጀርባው ዘረጋው። ያማረ አጣጣል ነበር። ሜዳ ላይ ቢሆን እልል እል ነበር።

ከዚያ ለቀቀው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋለት።

«እግዜር ያንሳህ» አለው።

«አታንሣው!» ብዬ ጮህሁ። አልሰማኝም። ወይም ሰምቶኛል፤ እጁ ግን ቀድሞ ሄዷል። የወደቀው ሰውዬ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ፤ ሊነሣ ግን አልሞከረም። ተኝቶ ወደ ታች ይጎትተው ጀመር። ስመኘው ሊያስለቅቅ ሲታገል ጭቃው እግሩን ይዞታል። ያኔ ባለጋቢው ማጭድ አውጥቶ መጣ። ለስመኘው አንድ እጅ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ባለጋቢው ወዳለበት አልደረሰለትም። ማጭዱ በተዘረጋው እጅ ላይ፣ ከመዳፉ ከፍ ብሎ የደም ሥር የሚታይበት ላይ አረፈ።

ገመዱን ጥዬ ሄድሁ። እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። ዱላ የነበረው ሰውዬ ተነሥቶ ጭቃውን እያራገፈ፣ «ቀድመን አልነገርናችሁም?» አለኝ፤ እኔ ያጠፋሁ ይመስል። ከዚያ ጊደሯን እየነዱ ወደ ባሕር ዛፉ ገቡ።

መቀነቴን ፈትቼ ክንዱን አሰርሁት። ደሙ በመቀነቱ ውስጥ ያልፍ ነበር። ስመኘው ጊደሯን አልጠየቀኝም። «ጣቶቼን ማንቀሳቀስ አልቻልሁም» ብቻ ነበር የሚለው። «ሰብለ፣ እይው እስቲ። እኔ እየነገርኋቸው ነው፤ እምቢ አሉኝ።» በጋሪ ቡሬ ደረስን፤ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ላኩን።

ነፍሱ ተረፈች። ቁስሉን ሰፉለት። የእጁ ጅማት ግን ተቆርጧል አሉ፤ ጅማት የሚቀጥል ሐኪም ያለው ባሕር ዳር ነው። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነበር፤ ያለው ሁሉ አልገባኝም፤ ትምህርት የተውሁት ገና አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። «ቶሎ» የሚለው ግን ገብቶኛል። ደጋግሞ ቶሎ ነበር የሚለው። ከዘገየ የተቆረጠው ጅማት ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ጣቱም ታጥፎ ይቀራል። ቀኝ እጁ ነው። እርፍ የሚይዝበት፣ አጭዶ ከምሮ የሚያበላን እጁ ነው።

ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ነበር። በእኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መቼ ይከፈታል ነው የሚባለው። በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄድሁ ሾፌሮችን እለምን ነበር። «እናቴ፣ ቢከፈት እኔስ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ይሉኛል። አንዱን እግሩ ላይ ወደቅሁበት፤ ደንግጦ እሱም አለቀሰ። አምቡላንስ ራሱ አይሄድም ነበር። ተመልሼ ስገባ ስመኘው ፊቴን ያያል፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ገነነ ሊጠይቀው መጣ። ብርቱካን ይዞ አልጋው ጥግ ተቀመጠ።

«ማስተር፣ ምን ረስቼ ነው?» አለው ስመኘው። «ያስተማርኸኝን የቱን ነው የረሳሁት?»

ገነነ አንገቱን ደፋ። «አልረሳህም። ያስተማርሁህን ነው ያደረግኸው። ምንጣፍ ላይ ሰው ከተሸነፈ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል፤ አንተ ትለቃለህ። ልቀቅ እያልሁ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። ምንጣፍ ላይ ከኋላህ የሚመጣ ሁለተኛ ሰው የለም። ማጭድ የለም። አንዱን አጥብቀህ ስትይዝ፣ ራስህም ለሌላው እንደተያዝህለት ያኔ አልነገርሁህም።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«ጊደሯን ሰጥቼ እሮጥ ነበር።»

ስመኘው ከተጎዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ታዲያ መሮጥ ለምን አላስተማርኸኝም?»

እኔ አልሳቅሁም። «ማስተር ገነነ፣ ያን ሰሌዳ አውርዱት» አልሁት። እርስዎ እያልሁ ነበር የማናግረው።

«ሰሌዳውን ካወረድሁት ማን ይመጣልኛል፣ እህት ዓለም?» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ለመዋሸት እንኳ አልሞከረም፤ ልሰድበው አሰብሁና አቅም አጣሁ።

መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር ሄድን። ትልቁ ሐኪም እጁን ገለባብጠው አዩና፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አሉ። ቀደዱት፣ ሰፉት፤ አውራ ጣቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። የቀሩት ታጥፈው ቀሩ።

ክረምቱ ሲቃረብ ስመኘው አርሳለሁ ብሎ ተነሣ። ለመንሁት። መሪጌታም መጥተው ለመኑት፤ «ልጄ፣ ዘንድሮን ዕረፍ፤ መሬቱ የትም አይሄድ» አሉት። እሺ አላቸው። ሲሄዱ ግን በሬዎቹን ጠምዶ ገመድ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«እሰሪኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«እጄን። ከእርፉ ጋር አጥብቀሽ እሰሪው። ጅራፉን በግራዬ እይዛለሁ።»

አሰርሁት። እያለቀስሁ አሰርሁት። የመጀመሪያውን ትልም ይዞ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ፣ በትከሻው እየገፋ። ትንሽ ሲሄድ ማረሻው ድንጋይ መታ። በሬዎቹ ደንግጠው ሲስቡ እርፉ ተገለበጠ፤ እሱም አብሮ ወደቀ። እጁ ታስሯልና መልቀቅ አይችልም። በሬዎቹ እየጎተቱት እኔ ከፊታቸው ሮጬ ቀንበሩን ያዝሁ። ቋጠሮውን በጥርሴ ነው የፈታሁት። ስመኘው ፊቱን ከአፈሩ አላነሣም።

«ተይው» አለኝ። «ተይው፣ ትንሽ ልተኛ።»

እዚያው ከትልሙ ላይ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መሬቱን ለእኩል፣ እህሉን ልንካፈል ሰጠን። የሚያርስልን እንዳለው የሚባል የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ደኅና ሰው ነው። ስመኘው ግን ሰው ሲያርስለት ቆሞ ማየት አልቻለም። ጥምቀት ላይ አልወጣም። አንዱ ስካር ያለበት ጎረምሳ በበራችን ሲያልፍ፣ «ስመኘው፣ በግራህም ታነሣለህ?» ብሎ ጮኸበት። ስመኘው ሰምቶ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ድሮ ቢሆን ወጥቶ አቅፎ ያነጥፈው ነበር፤ ከዚያም ያነሣው ነበር።

ባለፈው ዓመት ወደ ቡሬ ገባን። አንድ የእህል ነጋዴ ያውቀው ነበርና ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። ሌባ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። «ፊሽካ ሰጥተውኛል» አለኝ። እኔ ደጃፍ ላይ ድንች እየቀቀልሁ እሸጣለሁ። ልጆቹ ይማራሉ። ስመኘው አሁን መጋዘኑ በር ላይ ነው፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ በግራው በሩን ይከፍታል፤ ይዘጋል።