የአባቴ ትርፍ ደም

«ደም ብዛት» የሚለውን ቃል ቤቴ ውስጥ መስማት አልወድም። እንግዳም ቢሆን አርመዋለሁ፤ «ግፊት በል» እላለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ የአማርኛ መምህር ሆንሽ?» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። አባቴን የጎዳው ሕመሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደማንኛውም ሐዘንተኛ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እሱን ግን የሕመሙ ስምም ጎድቶታል፤ ለዚያ ደግሞ ማንን እንደምቆጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ድንችና ገብስ የሚያመርት፣ ከማሳው ጥግ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ለከሰል የሚሸጥ ገበሬ ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች እኔ ያደግኩት ዳንግላ፣ ዘመድ ቤት ነው። እዚያ ቤት አማርኛ እንጂ አዊኛ አይነገርም። ስለዚህ ከአባቴ ቋንቋ እኔ ጋ የቀረው ሰላምታውና ጥቂት ስድብ ብቻ ነው። እሱ ከእኔ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ነበር። አማርኛውን የተማረው ገበያ ነው፤ ለዋጋ ክርክር ይበቃል፣ ልጅ ለማባበል ግን ያጥረዋል። ሊያባብለኝ ሲፈልግ ዝም ብሎ ራሴን ይዳብሰኝ ነበር።

አንድ በጋ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች ለጥናት ብለው በየቤቱ እየዞሩ የገበሬውን ግፊት ለኩ። አባቴ ክንዱ ላይ የተጠቀለለው ነገር በአየር ሲነፋ እየሳቀ ያይ ነበር፤ ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ ሰው ነው። የለካችው ተማሪ «አባት፣ ደም ብዛት አለብዎት» አለችው። እንደ ምርቃት ተቀበለው። እኩዮቹ ሁሉ ጉልበት ሲከዳቸው የእሱ ደም በዝቶ ተገኘ! ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እየነገረ ሰነበተ። መጀመሪያ «ዋግምት ታግሜ ትርፉን ላስወጣ» ብሎ ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቆጥታ ጤና ጣቢያ ላከችው። እዚያ በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ሰጡት። እሱም በራሱ መንገድ ተረዳው፤ ኪኒኑ የበዛውን ደም ይቀንሳል። ቀንሶ ወዴት እንደሚያደርሰው አልጠየቀም። ጠዋት ጠዋት ፈረሱን ውኃ አጠጥቶ ሲመለስ አንዷን ይውጣል።

እኔ በዚያን ጊዜ አግብቼ እንጅባራ እኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ነርሷ «ደም ማነስ አለብሽ» አለችኝ። ቀዩን ኪኒን ሰጠችኝና፣ ምናልባት ስወልድ ብዙ ከፈሰሰኝ ደም የሚለግስ ቤተሰብ ቀድሜ እንዳዘጋጅ መከረችኝ። በሚቀጥለው እሁድ አባቴ ሊጠይቀኝ ድንች አስጭኖ መጣ። ምሳ ላይ ነገሩን ስነግረው ባለቤቴ ጣልቃ ገባ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? እሷ አንሷታል፣ እርስዎ በዝቶብዎታል። ማካፈል ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። አባቴም ሳቀ። ከዚያ ግን የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ክንዱን ገልበጥ አድርጎ አየው። የገበሬ ክንድ ነው፤ የደም ሥሮቹ ከላይ ወጥተው በደንብ ይታያሉ።

«የእኔ ሞልቷል፤ አይዞሽ» አለኝ።

ቀልዱን የቀጠለ መስሎኝ ወጥ ጨመርኩለት።

ልወልድ ስቃረብ ጎረቤቱ ደወለ። አባቴ ድንች ማሳ ውስጥ ወድቆ፣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውት፣ ሰዎች እስከ መንገዱ ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ አስገብተውታል። ሆስፒታል ስደርስ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ በማይሰማው ቀኝ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። «መድኃኒታቸውን አቋርጠው ነበር?» ሲለኝ «በፍጹም» አልኩት። እንዲያውም ተቆጣሁ። አባቴን እንደ ዝርክርክ ሰው የቆጠረብኝ መሰለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቁጣዬን ታግሦ አስረዳኝ። የደም ሥር ከልብ ሲወጣ ወፍራም ነው፤ እየተከፈለና እየቀጠነ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከፀጉር ቀጥኖ መላ አካልን ያዳርሳል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ፣ ከእሱ ይጠጣ የነበረው የአንጎል ክፍል ይሞታል። የአባቴ ደም ግን አልበዛም። መጠኑ ድሮም እንደማንም ሰው ነው። የበረታው ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ዓመታት ሲገፋቸው ይጎዳሉ። ኪኒኑ የሚያበርደው ያንን ግፊት እንጂ ደም አይቀንስም።

«ታዲያ ለምን ብዛት ትሉታላችሁ?» አልኩት።

«ሰዉ የለመደው እሱን ስለሆነ ነው» አለኝ።

እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገረው። እኔም ያን ቀን እንደ ቀላል ነገር ሰምቼ አለፍኩት።

ሌላም ጣጣ መጣ፤ አባቴ አማርኛ ጠፋው። ሐኪሙ በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚሆን፣ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ሄዶ አፍ የፈቱበት ሊቀር እንደሚችል ነገረኝ። የቀረለት አዊኛም ስብርብር ያለ ነው። ከሆስፒታል ወደ እኔ ቤት አመጣነው። ባለቤቴ የጎንደር ሰው ነው፤ አዊኛ ከእኔም ያነሰ ነው የሚሰማው። ሁለታችን በምልክት እያባበልን አስታመምነው። እሱ ግን ሆዴን እያየ አንድ ቃል ይደጋግማል።

«ብሪ?» ይላል። «ብሪ?»

እኔ የምሰማው «ብር» ነው። የሕክምናው ወጪ አስጨንቆታል አልኩ። «አባዬ፣ ብር አለን፤ አታስብ» እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቅና መልሶ «ብሪ?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ለገንዘብ ግድ ያልነበረው ሰው መጨረሻው ላይ ስለ ገንዘብ ሲጨነቅ ከፋኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ አፈርኩበትም። ያንን ማፈሬን ሳስታውስ አሁን ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ምጤ መጥቶ ሆስፒታል በገባሁበት ቀን አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ደረሰች። መኖሪያዋ ከእሱ አጥር ለአጥር ነው፤ አዘና ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ሰንብታ ስለነበር የወንድሟን መውደቅ የሰማችው ዘግይታ ነው። መውለጃው ክፍል ደጃፍ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ቀዩ ኪኒን ሠርቶ ነው መሰለኝ ያን ያህል አልፈሰሰኝም፤ የማንም ደም አላስፈለገኝም። ቤት ስንገባ አንዱ ክፍል የአራስ፣ ሌላው የበሽተኛ ሆነ፤ አክስቴ በመካከላችን አጥሚት ይዛ ትመላለስ ጀመር።

በማግስቱ ልጄን ላሳየው ታቅፌያት ወደ አልጋው ሄድኩ። እሷን ሳያይ እኔን አየና «ብሪ?» አለ። ደክሞኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረ ድፍን የመቶ ብር ኖት አንሥቼ በግራ እጁ አስያዝኩት፤ ይኸው አለን፣ እረፍ ለማለት። ኖቱን አየው። እኔን አየኝ። ጨምድዶ ወረወረውና ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

አክስቴ ድምፁን ሰምታ መጣች። «ምን ሆነ?» አለች።

«ብር፣ ብር ይለኛል። ስሰጠው ደግሞ ይወረውራል» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ምነው ልጄ! ብሪ እኮ በእኛ ቋንቋ ደም ነው። ደሙ ደረሰሽ ወይ ነው የሚልሽ።»

«የምን ደም?»

«የራሱን ነዋ! ደም አንሷታል ያሉሽ ጊዜ ከዚህ እንደተመለሰ ያንን ኪኒን ተወው። ልጄ እስክትወልድ ይጠራቀምላት፣ እየቀነስኩት ምን እሰጣታለሁ አለ። እኔም ደግ አሰብክ አልኩት። ምነው፣ አልነገረሽም እንዴ?»

ልጄን እንደታቀፍኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያ እሁድ ሁላችንም የሳቅነው ሳቅ ትዝ አለኝ። ገልብጦ ያየው ክንዱ ትዝ አለኝ። አክስቴን ልቆጣት አልቻልኩም፤ እህትና ወንድም ቃሉ እንደሚለው ነው ያሰቡት። በዝቷል ከተባለ ትርፍ አለ ማለት ነው፤ ትርፍ ያለው አባት ደግሞ ለልጁ ያስቀምጣል። ግፊት ብሎ የነገረው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። እኔስ ብሆን፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ ባወራው ኖሮ እላለሁ።

አባቴ ዓይኑን ከእኔ አላነሣም።

«ምን ልበለው?» አለችኝ አክስቴ።

አላስፈለገኝም ማለት ነበር እውነቱ። አፌ እምቢ አለኝ።

«ደርሷታል በዪው» አልኩ። «በአንተ ደም ነው የተረፈችው በዪው።»

አክስቴ ምንም ደም እንዳልተሰጠኝ ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ነገረችው።

አባቴ በደኅናው እጁ ቀኝ ክንዱን ዳበሰው። ግሉኮሱ ተሰክቶበት የነበረው ቦታ ገና ጥቁር ነበር። ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ፣ በዚያ በተሰባበረ ቃሉ አንድ ነገር ተናገረ። የተጣመመው አፉ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ይቺ እጄ የዛለችው ለዚህ ነዋ፣ ይላል» አለችኝ አክስቴ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

የልጄን ክርስትና ሳያይ አረፈ። ዋሽቼው እንደሄደ ሳስብ ይቆጨኛል፤ እውነቱን ነግሬው ቢሆንም ይቆጨኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ደስ ብሎታል። ሕፃኗን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ግራ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ክንዱን እንደዚያ እሁድ ገልብጦ ጭኔ ላይ አሳረፈውና ዝም ብሎ ጠበቀ። አክስቴ መተርጎም አላስፈለጋትም።