አስር ከአስር ያሰኘን ዜማ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐሊማ ደወለችልኝ። ሐሊማ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ኬላ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እኔ በኢንተርኔት የምሰጠውን ሥልጠና ከሚከታተሉት አንዷ። ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሏል።

«ሲስተር፣ የትናንቱን ኩዊዝ አስር ከአስር አመጣሁ።»

«አይቼዋለሁ፤ ጎበዝ።»

«ጎበዝማ አይደለሁም። ባሌ መምህር ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ይሄን ንኪ፣ ያንን ንኪ ሲለኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላርፍ አለኝ።»

ልቆጣ ይገባኝ ነበር፤ ሳቄ መጣ። ነገ እደውልልሻለሁ ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ከመስኮቱ ውጭ ማንጎው በሙቀቱ ቅጠሉ ጠውልጎ ቆሟል። እኔ ግን በሐሳቤ ሶዶ ገብቻለሁ፤ የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ ደጃፋችን የሚወርድበት፣ ጫማችን በቀይ ጭቃ የሚከብድበት ክረምት ውስጥ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከግል ኮሌጅ በነርስነት ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ወራት አልፈዋል። አንድ ቀን ስለ ሕፃናት ሕክምና በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ሶዶ መጥቷል፣ ያለፈ ሰው ጉኑኖ ጤና ጣቢያ ይቀጠራል ተባለ። ኢንተርኔት ማለት ለእኛ ኢሜይል መክፈቻ ብቻ ነበር፤ በእሱ ይማራሉ ሲባል ማን ያምናል? አባቴ ግን አመነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ጸሎቱ ላይ ስሜን ሲጠራ ጉኑኖንም አብሮ ይጠራ ጀመር። ካላለፍኩ ያን ጸሎት በምን ፊት እንደምሰማ አላውቅም ነበር።

አሥራ ሁለት ነበርን፤ ለየአንዳንዳችን አንድ ኮምፒውተር ደረሰን። አሠልጣኛችን ጋሽ ጩማ የሚባሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ አዛውንት ነርስ ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከትምህርቱ በኋላ በየቀኑ ለልምምድ ያው አስር ጥያቄ ይመጣል፤ የማጠቃለያው ፈተናም እነዚሁ አስሩ ናቸው። ከተሳሳትን ማሽኑ ቀይ ምልክት አድርጎ ትክክለኛውን መልስ ያሳያል፤ ከዚያ እንደ ገና ሞክሩ ይላል። እስክናልፍ ድረስ መሞከር ይቻላል።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው አስቴር ናት። አስቴር ከዲምቱ ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ ለሥልጠናው ብላ እኛ ቤት ከእኔ ጋር ታድር ነበር። ለምሳ የቀቀልነውን ጎዳሬ በዳጣ እየበላን ሳለ እጇን አቆመች።

«አንቺ፣ ጥያቄዎቹ ቦታ አይቀያየሩም እኮ! ዛሬ አንደኛው ቢ ነው። ነገም ቢ ነው።»

«ታዲያ አስሩንም ማን ይይዛቸዋል?» አላት ታምራት። ከሻንቶ የመጣ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ። ዳጣው አፉን አቃጥሎት እንባው እየወረደ ነበር የሚያወራው።

ይኼኔ እኔ አፌን ከፈትኩ። ልጅነቴን በሙሉ በኳየር ያደግሁ ነኝ። ነገር በቃሌ የምይዘው በዜማ ነው፤ አብዛኞቻችንም እንደዚያው ነበርን። የቤተ ክርስቲያናችንን የመሰነባበቻ መዝሙር ዜማ ወስጄ «ቢ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤ፣ ዲ» ብዬ አወረድኩት። ታምራት ጠረጴዛውን እየመታ ተቀበለ። ከሳምንት በኋላ አሥራ ሁለታችንም በየኮምፒውተሩ ፊት በአፍንጫችን እያንጎራጎርን አስር ከአስር እንደፍን ነበር።

ኃጢአት መስሎ አልታየኝም። እኛ አገር እርሻው የሚታረሰው በጋራ፣ ቤቱ የሚሠራው በጋራ፣ መዝሙሩም የሚዘመረው በጋራ ነው። አብሮ ማለፍ ምኑ ላይ ነው ስርቆቱ? እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እሑድ ግን ጉባኤው ሲያበቃ ያ መዝሙር ተነሣ። አፌን ከፍቼ ልዘምር ስል የመጣልኝ «ቢ፣ ሲ፣ ኤ» ነበር። ደንግጬ ዝም አልኩ። አጠገቤ የቆመችው አስቴር አየችኝ፤ እሷም ዝም ብላለች።

የማጠቃለያው ፈተና ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ ስንጠብቅ አረፈድን። ሲመጣ ሁላችንም ወደ ወንበራችን ተጣደፍን፤ ዜማው በምላሴ ላይ ዝግጁ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳላነበው ቢን ነካሁ። ሁለተኛውን ሲ። አስሩን ጨርሼ ስልከው ማሽኑ ሦስት አለኝ። ሦስት ከአስር! ዞር ብዬ አስቴርን አየኋት፤ ሁለት። ከወዲያ ጥግ ታምራት «ኧረ እኔ አንድ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ጩማ በየስክሪኑ ኋላ ቀስ ብለው ዞሩ።

«የጥያቄዎቹን ቦታ እኔ ነኝ ያቀያየርኩት» አሉ። «ዜማውን ማነው የደረሰው?»

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ። «እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ከኮሪደር እሰማው ነበር። ጥሩ ዜማ ነው፤ ባለፈው ቤቴ እያንጎራጎርኩት ባለቤቴ ይሄ ደግሞ ምን ቋንቋ ነው አለችኝ።» ከዚያ ፊታቸው ጠና አለ። «እስኪ ንገሪኝ። የስድስት ወር ሕፃን ይዘው መጡ። ያስለዋል፤ በደቂቃ ሃምሳ አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ምን ትያለሽ?»

ይህ ጥያቄ ከአስሩ አንዱ ነበር። ስንት ጊዜ በትክክል መልሼዋለሁ! አሁን ግን በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ልናገረው ስል አፈርኩ። ሕፃኑ ፊቴ የተኛ መሰለኝ፤ ደረቱ ቶሎ ቶሎ ሲነሣና ሲወድቅ።

«አላውቀውም ጋሼ» አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ሦስት አግኝተሻል። ሦስቱ የማን ናቸው?»

«እ?»

«የምታውቂያቸው ናቸው ወይስ በዕድል የገቡ?»

ስክሪኑን አየሁ። «አንዱን አውቀዋለሁ።»

«ሎኦ፣ ጥሩ ነው። እንግዲያው ከአንዱ እንጀምር።»

አላባረሩንም። አንድ ሳምንት ሰጡን። በዚያ ሳምንት እያንዳንዱን ጥያቄ በወላይትኛ ለሌላው አስረዳን፤ ያላስረዳ ሰው መልሱን አይነካም። ታምራት የታማሚ ሕፃን እናት እየሆነ ሲያለቅስልን በሳቅ እንሞት ነበር። ዜማም አልተውኩም፤ ሌላ ዜማ ፈልጌ ግን ትምህርቱን ራሱን አስገባሁበት፦ ልጁ ሲረጋጋ ቁጠሪ፣ ደቂቃዋን ሙሉ ቁጠሪ፣ ሁለት ወር አልፎት ዓመት ላልሞላው ሃምሳ ከደረሰ ፈጣን ነው፣ ዓመት ለሞላው አርባ። የመዝሙሩን ዜማ ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር መለስኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

በድጋሚው ስምንት አመጣሁ። ማለፊያው ስምንት ነበር። አባቴ በማግስቱ ሲጸልይ ጉኑኖን ሳይጠራ አለፈ፤ ዓይኑን ገልጦ አየኝና ፈገግ አለ።

ጉኑኖ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንዲት እናት የሚያስል ልጅ አቅፋ መጣች። ሰዓቴን ይዤ በሆዴ እያዜምኩ ቆጠርኩ። ሃምሳ ስምንት፤ የሳንባ ምች ነው። ልጁ መድኃኒቱን ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ለክትትል ሲመጣ የሰዓቴን ማሰሪያ ይዞ አልለቅም አለኝ።

ለሐሊማ እንደ ቃሌ ረቡዕ ዕለት ደወልኩላት። «ኩዊዙን ከፍቼልሻለሁ፤ ጥያቄዎቹም ቦታ ተቀያይረዋል። በመጀመሪያ ግን አንቺ ለባልሽ አስተምሪው። እሱ ተማሪ፣ አንቺ መምህር።»

«ወይኔ ሲስተር! እሱ ተማሪ ሆኖ ቁጭ ይላል ብለሽ ነው?»

«ይቀመጣል። ካላስቸገረማ ምኑን ተማሪ ሆነ?»

አርብ ዕለት መልሳ ደወለች። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታና የአንድ ወንድ ሳቅ ይሰማኛል።

«ሰባት አመጣሁ፤ ለማለፍ አንድ ቀረኝ» አለችኝ።

ጋሽ ጩማ ካረፉ ቆይተዋል። የእሳቸው ጥያቄ ግን ከእኔ አፍ ወጣ፦ «ሰባቱ የማን ናቸው?»

እንደሚያፍር ሰው ሳይሆን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ባሏም እንዲሰማ፣ «የራሴ!» አለች።

«በይ እንግዲህ» አልኳት፤ «ከሰባቱ እንቀጥል።»