ማንም የማይሰርዘው ገጽ ሰባት

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓመት ደረሱ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ መካኒሳ አቦ አጠገብ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ጠባብ ነበረች፤ ደንበኛ ካስነጠሰ እኔ ውጭ አስፋልቱ ላይ ነበር የምገኘው።

ባሕር ማዶ ያሉ የአገር ልጆች አማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ሠርተው ከነውስጥ ኮዱ በነጻ ለቀቁት። ያሻው ይውሰደው፣ የቻለ ያሻሽለው ብለው። የጎደለው መመሪያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ተጠቃሚው ተባብሮ ይጻፈው አሉ። ማን ያስተባብር ሲባል አፌ ቀደመኝ። «መካኒሳንና ጎፋን ለኔ ተዉት! የስልክ ማውጫን የሚያስንቅ መመሪያ አወጣላችኋለሁ!»

መመሪያው በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ይዞራል። የሚያውቅ የሚያውቀውን ይጨምርና ለቀጣዩ ይሰጣል። ዙሩ ሲያልቅ እኔ ጋ ይመለሳል፤ አባዝቼ እበትነዋለሁ። ሠሪዎቹ የላኩልን ደንብ አጭር ነበር፦ ማንም ይጨምር፣ ማንም ያርም። የመጀመሪያዋን ወደድናት። ሁለተኛዋን ግን ታላቅ ለሌለው አገር ተውንለት።

ገጽ ሰባትን የጻፉት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የታይፕ መምህር ነበሩ፤ በከተማው ውስጥ በአሥር ጣት የሚጽፍ ሰው ካለ ወይ እሳቸው አስተምረውታል ወይ ይዋሻል። በሳቸው ዘመን ያለቀ ወረቀት የታይፕ መኪናው ላይ መተው ትልቅ ጥፋት ነበር፤ አላፊ አግዳሚው የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ያነበዋላ። ይህንኑ ወደ ኮምፒውተር አመጡትና እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የመጨረሻዋን ፊደል መትተህ ሴቭ እንዳልክ፣ ፍሎፒውን ባፋጣኝ ንቀል።»

ፍሎፒ ደግሞ ማስገቢያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ሳትጠፋ ከተነቀለ፣ የተጻፈው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ይህን አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። ግን የጋሼን ቃል ማን ይሰርዛል? ከሥር «ጋሼ እንዳሉት ሆኖ፣ መብራቷን ትንሽ መጠበቅም አይከፋም» ብዬ ጨመርኩ። ሌላውም ከኔ ሥር «ከላይ በተባለው ሁሉ እየተስማማሁ» ብሎ ጨመረ። ገጽ ሰባት ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ስህተቷም ከላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች።

አንድ ዓርብ ጠዋት አንዲት የጎፋ ሴት መጣች። መሥሪያ ቤት ለሙከራ የተቀጠረች ጸሐፊ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። የመሥሪያ ቤቱን መተዳደሪያ ደንብ ጽፋ ሰኞ ካስረከበች ቋሚ ትሆናለች።

«የመመሪያው ኃላፊ አንተ ነህ?»

«ኃላፊም፣ ዘበኛም፣ ተላላኪም።»

«ቀልድህን ያዘው» አለችና ፍሎፒዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ስልሳ ገጽ ነበር። መመሪያው ንቀይ አለኝ፣ ነቀልኩ። አሁን ባዶ ነው ይለኛል።»

«ከሥሩ ያለውን አላነበብሽም?»

«ከላይ የታዘዘውን አድርጌ ስነሣ ከሥር ምን ላድርግ?»

የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የጋራ ስለሆነ ሌላ ቅጂ አልነበራትም። በእጅ የተጻፈውን ረቂቅ ለሁለት ተካፍለን ቅዳሜን ሙሉ መታን። እሑድ መብራት ሄደ፤ ክፍለ አገር ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ይመስል ሰኞ ተመለሰ። እሷ ግማሹን ይዛ ገባች። አመስግነው አሰናበቷት።

በሳምንቱ፣ ጋሼ ራሳቸው ይሰርዙት ብዬ ይዣት ጎፋ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ወያላው ሳይቀር በቃሉ ይዞታል። ገና ስንገባ ጋሼ አወቋት።

«አንቺ! የግራ ትንሽ ጣትሽ ሰነፍ ነበረች። ዛሬስ?»

«ተሽሏታል ጋሼ።»

«መመሪያዬን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሠራሽበት?»

እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ሠርቼበታለሁ ጋሼ።»

ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ይኸው! ጡረታ ወጣ ይሉኛል፤ ዛሬም አስተምራለሁ!» መርቀው ሸኙን።

በር ላይ «ለምን አልነገርሻቸውም?» ስላት፣ «አንተስ? ያ አፍህ የት ገባ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጽሕፈት ቤቴ ተመልሼ፣ በሬን ቆልፌ፣ ቅርስ እንደሚሰርቅ ሰው እየተገላመጥኩ የጋሼን ቃል ሰረዝኩ። በቦታው «መብራቷ ሳትጠፋ አትንቀል» ብዬ ጻፍኩና በተንኩት።

ዙሩ አልቆ ፍሎፒዋ ስትመለስ ገጽ ሰባትን ከፈትኩ። የጋሼ ቃል አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ከላይ ተቀምጧል። የኔዋ መስመር ከሥር ወርዳ፣ «በተጨማሪም» ተብሎላታል። ማን መለሰው እያልኩ ጽሕፈት ቤቱን ሁሉ በእግሬ አዳረስኩ። ጎፋ፣ በቁርጥ ሥራ ከገባችበት ጽሕፈት ቤት፣ ያቺው ሴት ቀና ሳትል «እኔ ነኝ» አለችኝ።

«አንቺ? ከሰው ሁሉ አንቺ?»

«ጋሼ መጡ። ‹ገጼን ክፈቺልኝ› አሉኝ፤ የለም። ‹ሳልሞት ሰረዙኝ እንዴ?› አሉ። ምን ልበላቸው?»

«እና?»

«እና አጠገቤ ተቀምጠው በቃላቸው አጻፉኝ። ሴቭ አደረግሁ። ‹ንቀይ!› አሉኝ።» መጻፏን አቆመች። «መብራቷ እስክትጠፋ በወሬ ያዝኳቸው።»

ልቆጣ ነበር የሄድኩት። ፍሎፒዬን ይዤ ተመለስኩና ገጽ ሰባትን ሳልነካ አባዛሁት። ከእጄ ለሚወስድ ሁሉ «መብራቷ ሳትጠፋ እንዳትነቅል» እለው ጀመር፣ በአፌ ብቻ። ከሱ እጅ ለሚወስደው ማን እንደሚነግረው እንጃ።