የውሻችን ሁዳዴ

ሰበታ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ውሻችን ዓይነ ምድር መብላት ጀመረ። ሸፋፍኜ ልናገረው እችል ነበር፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያየውን ነገር ምን ብዬ እሸፍነዋለሁ? ከቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ለብዙ ሰው መጸዳጃ ነበር። ውሻው ጠዋት ጠዋት እዚያ ይሄድና የሚበላውን በልቶ፣ መዳህ የጀመረች ልጄን ፊቷን ሊልስ ይመጣል።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ይህን አንድ ቀን አይተው ቁርጡን ነገሩኝ። ለፋሲካ ልጃቸው፣ ባለቤቴ፣ ሲመጣ ውሻው ይህን ጠባዩን ካልተወ፣ ማዘጋጃ ቤት ለውሾች ለሚያዞረው መርዝ ይሰጣል። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ጸሐፊ ስለነበር ወር ሙሉ ውጭ ነው የሚያሳልፈው። አጥራችን ሌባ የማያግድ ቁልቋል ነበር፤ ያ ውሻ ባይኖር እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ስለዚህ እንዲተርፍ ከልቤ እፈልግ ነበር።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ሜዳው ላይ ባየሁት ቁጥር እየጮህኩ እሮጥበታለሁ፤ ስደርስበት እመታዋለሁ። አንድ ጊዜ አፉን በበርበሬ አሸሁት። እሱ ግን ባሰበት።

ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው፣ ሁላችንም ኦቦ እያልን የምንጠራቸው የጅማ ሰው ነበሩ። እስላም ስለሆኑ ውሻ አይነኩም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው የማያዩት ነገር አልነበረም። ጨው ልገዛ ስሄድ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ስትሮጪበት እንዳትቀሚው ብሎ ቶሎ ይውጠዋል። ቀስ ብለሽ ጥሪው። ደግሞስ ምን ታበይዋለሽ?»

የምንበላውን ነው አልኳቸው። ሁዳዴ ነበር። አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ቤታችን ከዚያ በፊት እሳት አይነድም፤ ከዚያም በኋላ ለውሻው የሚደርሰው የሽሮ ፍርፋሪ ነው። ይህን እየተናገርኩ ሳለ ነገሩ ገባኝ። ዓመት ያልሞላውን ውሻ ሳናውቅ አስጹመነዋል።

ኦቦ እሳቸው ቤት አጥንትና ሳንባ እንዳለ ነገሩኝና ጨዉን ወደ መስፈር ዞሩ። ለምን እንዳልገፉበት ገብቶኛል። ክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ተዘግተዋል፤ እስላም ያረደውን መብላት ደግሞ በዚያ ዘመን ሃይማኖት እንደ መለወጥ ነበር። በጾም፣ ያውም አማቴ ባሉበት ግቢ! ፈራሁ፤ ግን ተቀበልኩ።

አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ፣ ከአጥሩ ሥር በአሮጌ ጣሳ እቀቅልና ውሻው ሜዳ ሳይወጣ አበላዋለሁ። ቢያመልጠኝም አልሮጥበትም፤ ቁራጭ ሳንባ ይዤ በቀስታ እጠራዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሜዳውን ተወ።

አንድ ዓርብ ግን አማቴ ሳላስባቸው ተመልሰው ጣሳው ላይ ደረሱብኝ። ማን ያረደው እንደሆነ ጠየቁኝ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ ነገርኳቸው። አሁን ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ ባለቤቴም አይምረኝም ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ውሻው ሲበላ ቆመው አዩት። አጥንቱን ሲሰብር ጎኑ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሱ ክርስትና አልተነሳ» አሉ በመጨረሻ። «ይብላ። አንቺ ግን እጅሽን በእንዶድ ሳትታጠቢ ልጅቷን እንዳትነኪ።»

ፋሲካ መጣ፤ ባለቤቴም መጣ፤ ውሻውን ለመርዝ ስለ መስጠት ያነሳ ሰው አልነበረም። ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ኖረ። ያን ጠባዩንም መልሶ አላመጣውም። ነገር ግን ልደባብሰው እጄን ስዘረጋ ሁልጊዜ መጀመሪያ መሬት ላይ ይለጠፍና ዐይኑን ይጨፍናል። የራበውን ውሻ መምታቴን እሱ አልረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም።