የውሃ ቀጂዋ አዲስ ፊት

ከደረጃው ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች አንድ ንጉሥና አንድ ግቢ ሙሉ ሚስቶች ያስተዳድሩ ነበር። ወንድምየው በእርሳስ ይነድፋል፤ እህቱና ሴት ልጁ በንድፉ ላይ በብዕር ቀለም ያስገቡበታል። ሥራቸው በየወሩ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ነው፤ ወጣቶቹ ማንጋ የሚሉት ዓይነት። ታሪኩ የሚካሄደው በድሮ ዘመን፣ በአንድ ንጉሥ ሐረም ውስጥ ነው፤ ማን ከማን በላይ ትቀመጥ፣ የማን ልጅ ይንገሥ፣ ማን ለማን ምን ጎነጎነችላት። ንጉሡ ፊት የለውም። ወንድምየው ጢም መንደፍ ስለሚሰለቸው ሁልጊዜ ከጀርባው ይስለዋል፤ ሲጠይቁትም «እሱን ማን ያየዋል? ጠቡ የጣውንቶቹ ነው» ይላል።

እህትየውን ጥልፌ ይሏታል። ወጣት ሳለች የትራስ ልብስ እየጠለፈች ትሸጥ ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። ወንድሟ ሚስቱ ስትሞትበት «ነይና ልጄን አሳድጊልኝ» አላት። ለጥቂት ጊዜ ብላ መጣች፤ ጥቂቱ ጊዜ ዕድሜዋ ሆነ። ልጅቷ ስትተኛ እጇ ሥራ እየፈለገ አስቸገራት፤ እናም የእመቤቶቹን ልብስ ጥለት በቀለም መሙላት ጀመረች፤ ሐረጉን፣ ቅጠሉን፣ የዘርፉን ጫፍ። ከልብስ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት ወጣች። ወንድሟም አይቶ «በቃ፣ ታላቋ እመቤት ያንቺ ናት» አላት።

የቤቱ ደንብ ይህ ነበር፤ አንዷን ሴት ሁለት እጅ አይነካትም። ፊት እንደ ድምፅ ነው፣ ሌላ ሲገባበት ያስታውቃል ይላል ወንድምየው። ስለዚህ ታላቋ እመቤት፣ ያቺ በካባዋ ክብደት ብቻ አዳራሹን ጸጥ የምታሰኝ የንጉሡ የመጀመሪያ ሚስት፣ ከጥልፌ እጅ በቀር ሌላ አታውቅም።

ልጅቷ አድጋ ብዕር ስትይዝ የሰጧት ማንም የማይፈልጋትን ነው፤ በአንድ የሥዕል ሳጥን ጥግ እንስራ ተሸክማ የምትቆም ውሃ ቀጂ። ልጅቷ አድጋም ጩጬ ነው የምትባለው። ውሃ ቀጂዋ የታሰበችው ለአንድ እትም ብቻ ነበር፤ ጩጬ ግን ዓይኖቿን እንዲያ አድርጋ ስለሠራቻቸው አባትየው ሳይወድ በግዱ በሚቀጥለው እትም ወደ ፊት አመጣት። ውሃ ቀጂዋ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ፊደል ቆጠረች። የትኛው ጃንደረባ ለማን እንዳደረ ለየች። መጀመሪያ ማልቀስ ተማረች፣ ቀጥሎ አለማልቀስ፣ ከዚያም ሌሎችን ማስለቀስ። ወንድ ልጅ ወለደች። አንባቢው አበደላት።

እንዲህ እንዲህ እያለ የአባትየው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን እርሳሱ ከጣቱ ሲወድቅበት ለመሳቅ ሞከረና «ከሁለታችሁ ሴቷ እልፍኙን የያዘችላት እርሳሱን ትያዝ» አለ። ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ወንበር ስቦ ከእነሱ ጋር ተቀመጠ።

«እታለም፣ እመቤትሽ ዛሬ ፊቷ ሬት ሆኗል» ትላለች ጩጬ አንገቷን አስግጋ።

«ያንቺዋስ? አገጯ መጥረቢያ አክሏል። እንጨት ልትፈልጥ ነው?»

«ልትገዛ ነው።»

«ድንቄም! እንስራዋን መቼ አወረደችና!»

«ታወርዳለች። ያንቺዋ ራስ ላይ።»

ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም። ጥልፌ የምትፈራው እርሳሱን ማጣት አልነበረም። ልጅቷ አድጋለች፤ አሳዳጊ አያስፈልጋትም። ታላቋ እመቤት ከግቢው ከወጣች ጥልፌ በዚህ ቤት የምን ሰው ትባላለች? እንግዳ እንዳትባል ብዙ ቆይታለች፤ ባለቤት እንዳትባል ደግሞ ቤቱ የሟቿ ሚስት ነው።

አሳታሚው ሲመጣ፣ ደረጃው አድክሞት እስኪተነፍስ ሁሉም ጠበቁት። ወፍራም፣ ደግ፣ ሐፍረቱንም ላቡንም በአንድ መሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለ። «ታላቋ እመቤት ትባረር። አንባቢው ጠልቷታል።»

«ምን አድርጋ?»

«አርጅታ» አለና ምላሱን ነከሰ።

«እኔ ደግሞ ሰው የገደለች መስሎኝ» አለች ጥልፌ፣ እየሳቀች። ጩጬ ከወረቀቷ ቀና አላለችም። ጥልፌን ከአሳታሚው ቃል ይልቅ የወጋት ያ ዝምታ ነው።

አባትየው የስንብቱን ገጽ ነደፈ። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሴቶች፤ ውሃ ቀጂዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የእመቤቷን ካባ ለብሳ መሃል ቆማለች፣ እመቤቷ ያለ ካባ በሩ ጋ ደርሳለች። እጁ ስለተንቀጠቀጠ ፊቶቹ ጭስ መስለዋል። ጠዋት አባትና ልጅ ወደ ሐኪም ሄዱ፤ ጥልፌ ከገጹ ጋር ብቻዋን ቀረች።

እንደ ልማዷ ከካባው ጠርዝ ጀመረች። ሐረጉ ሐረጉን እየጎተተ ወደ ላይ ወሰዳት፤ ደረቱን አልፋ አንገት፣ አንገቱን አልፋ ፊት ገባች። ካባው ባለበት እመቤቷ አለች፤ እጇ ሌላ አያውቅም። ከንፈሩን ጨርሳ ብዕሯን ልትጠርግ ቀና ስትል በሩ ጋ ትከሻዋን ተራቁታ የቆመችውን እመቤቷን አየች። ክው አለች። የሌላ ሰው ሴት ውስጥ ገብታለች።

ቀለም በላጲስ አይወጣም። ልትሸፍነው ነጩን ብልቃጥ አነሳች፤ ግን ፊቱ አያትና እጇን ያዛት። ውሃ ቀጂዋ ያሸነፈች አትመስልም። ትከሻዋ ላይ ያረፈው ልብስ በማን ገላ እንደሞቀ የምታውቅ ትመስላለች።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ጩጬ አባቷን ደግፋ ገባች፣ ገጹንም አየች።

«ማን ነካት?»

«እኔ ነኝ። ካባው ይዞኝ ሄዶ...»

«እሷንም ልትወስጂብኝ? የኔ የምላት አንዲት ነበረችኝ!»

«ጩጬዬ፣ በሞትኩት። እጄ ነው፤ ሆን ብዬ አይደለም።»

ጩጬ ገጹን ልትቀድ አነሳችው፤ ወደ መስኮቱ ይዛው ዞረች፤ እዚያው ቀረች።

«እታለም።»

«ወዬ።»

«የእማዬን ሹራብ የለበስሽ ቀን ፊትሽ እንዲህ ነበር።»

ስለዚያ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ጥልፌ ስትመጣ ብርድ ነበር፣ የረባ ልብስ አልያዘችም፤ ወንድሟ የሟቿን ሹራብ አወጣላት። ሕፃኗ አይታ «አውልቂው!» እያለች እጅጌውን ጎተተች። ጥልፌ አወለቀችው፣ አጥፋ የልጅቷ ትራስ ሥር አደረገችው፣ ያን ብርድ ሁሉ በነጠላ አሳለፈችው።

«ትንሽ ነበርሽ እኮ። የረሳሽው መስሎኝ።»

«አልረሳሁም። ስትንቀጠቀጪ እያየሁ ልበሺው ማለት አፍሬ ነው።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ። ሹራቡም ያሳክክ ነበር።»

ጩጬ እየሳቀች አለቀሰች። አባትየው ገጹን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ለረጅም ጊዜ አየው፣ አፍንጫውን ሳበ።

ጩጬ ብዕሯን ነከረች። «እመቤቷን ደግሞ ለኔ ተይልኝ» አለችና በሩ ጋ የቆመችውን ሴት መሥራት ጀመረች፤ በዚያ ቤት ታይቶ የማያውቅ ነገር። ቀስ ብላ ሠራቻት። ስትጨርስ የእመቤቷ እግር ወደ ውጭ አልነበረም የሚያመለክተው።

«አባዬ፣ አትወጣም። ካባውን ትስጥና ትቀመጥ። ያቺ ሞኝ ውሃ ቀጂ ያለሷ ግቢውን ታቃጥለዋለች።»

«አሳታሚውስ?»

«ይቆጣል። ሻይ እንሰጠዋለን።»

አባትየው እርሳሱን አነሳና በሁለቱ መሃል ዘረጋው፤ ለማን እንደሆነ ራሱም ያወቀ አይመስልም። ጥልፌ የተዘረጋውን እጅ ይዛ ወደ ልጅቷ አዞረችው።

«ለሷ ስጣት። የኔ እጅ ንድፍ ካልቀደመው መንገድ አያውቅም።»

ጩጬ በአባቷ ወንበር ተቀመጠች። ወንበሩ ሰፋት። ነጩ ወረቀት ላይ እርሳሱን አስጠግታ ቀረች። ጥልፌ ቀስ ብላ ተነሳች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ለአባትሽ መድኃኒቱን ልስጠው።»

«ራሱ ይዋጥ፣ ሕፃን ነው? አንቺ እዚህ ቁጭ በይ። አንገት ስነድፍ ሁሌ ያጥርብኛል፤ አጠገቤ ሆነሽ ንገሪኝ።»

ጥልፌ ወንበሯን ሳበች።

«አስረዝሚው።»

«ገና መች ነካሁትና!»

«አውቅሻለሁ። አስረዝሚው።»