ሁለተኛዋ ጠብታ

ሆሳዕና መናኸሪያ፣ ከምንሳፈርበት ሚኒባስ ስር አንዲት የዘይት ጠብታ ስትወርድ ሳይ እግሬ ቆመ። ፎንቆ ከተማ ያለው ግቢያችን ትዝ አለኝ።

ያኔ እናቴን ምጥ ሲጀምራት፣ የአባቴ አሮጌ መኪና ካምቢዮው ዘይት እያፈሰሰ ገና ጥገና ላይ ነበር። ሽማግሌው መካኒክ ጋሽ ኤርጡሞ ያለቀውን «ኦይል ሲል» የሚባል ዘይት የሚያግድ ጎማ ቀይረው፣ ጠብታ ካለ እንዲታይ ከስሩ ካርቶን አነጠፉ። ጎረቤቶች በሀዲይኛ ይጸልያሉ።

«እናንተ ወደ ላይ እዩ፤ እኔና ልጅቷ ወደ ታች እናያለን» አሏቸው ጋሽ ኤርጡሞ።

ጠብ አለች።

«ጋሼ፣ ፈሰሰ!»

«አይዞሽ፣ የቀድሞው ትራፊ ነው። ሁለተኛ ከወረደች ግን ጩኺ።»

ሁለተኛዋን ሳላይ መኪናው እናቴን ይዞ ወጣ። ካርቶኑን ታቅፌ በሩ ላይ ቀረሁ።

«አንቺ፣ ግቢ እንጂ!» አሁን እናቴ ያኔ የተወለደውን ወንድሜን አቅፋ ከሚኒባሱ ውስጥ ትጣራለች።

እኔ ጎንበስ ብዬ ሁለተኛዋን እጠብቃለሁ።